ሰልፍ ይበተናል፤ ያስተማራችሁት ልጅ ግን ይኖራል

(አረካ ላይ ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር። አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁ አጋሩ።)



አዘጋጆቹ "ስለ ትግላችን ተናገርልን" ሲሉኝ እሺ አልኩ። እኔ የማውቀው ትግል ግን ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት የቆምኩበትን ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማስተማር ነው። "ይሄ ከእኛ ጥያቄ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። ቆይ ላስረዳ።

ዛሬ የምንኖርበት ዞን ከየት መጣ? ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው "ወጋጎዳ" በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ሆነው ክፍል ገቡ። ልጁ ቤቱ ውስጥ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ "ይኸውልህ፣ ያንተ ነው" ተባለ። ያኔ "የለም፣ ይሄ የእኛ አይደለም" ብለው ከፊት ከቆሙት መካከል መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። መምህራን ታሰሩ፤ ከቦታቸው ተነስተው ሌላ ቦታ ተመደቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሳ። በ1993 ዓ.ም ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተነሳው ከክፍል ውስጥ ነው። የልጅ ደብተር ላይ ስለሚጻፈው ነገር የሚጨነቅ መምህር ባይኖር ኖሮ ያ ጥያቄ መቼ ይነሳ ነበር?

ወደ ኋላ ደግሞ ትንሽ እንሂድ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለመጀመሪያው ዙር አምስት ቋንቋዎች ተመረጡ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ እና ወላይትኛ። አዎ፣ የእኛው ወላይትኛ! ስለ ዘመኑ መንግሥት ብዙ የሚባል አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። በዘመቻው ካስተማሩት ውስጥ ግን ብዙዎቹ እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ የእናቱ እኩያ ለሆነች ሴት ፊደል ያስቆጥር ነበር። እስከዚያ ቀን ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም የኖረች እናት ስሟን በእጇ ስትጽፍ ያየ ሰው ያንን ፊት ይረሳዋል? ማስተማር የሚከፍለው አንዱ ክፍያ እሱ ነው። በባንክ አይገባም፣ ማንም ግን አይቀማህም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የምነግራችሁ የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ሰባተኛ ክፍል የማስተምረው አንድ ልጅ ነበረኝ። ከኋላ ነው የሚቀመጠው። በገበያ ቀን ዕቃ ስለሚሸከም አይመጣም። ሒሳብ ላይ ግን እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይናገራል። አንድ ሰሞን ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት... እኔ ምን አደረግኩ? መዝገቡን ገልጬ ስሙ ላይ መስመር አሰመርኩ። በቃ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት አይርቅም ነበር። አልሄድኩም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ሜክሲኮ አካባቢ ጫማዬን ላስጠርግ ሊስትሮ ፊት እግሬን አስቀመጥኩ። ልጁ ብሩሹን አንስቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ቲቸር!" አለኝ። እሱ ነበር።

ጨርሶ ሲነሳ ብር ዘረጋሁ። "ከእርስዎስ አልቀበልም" አለኝ። ብለምነው ብለምነው እምቢ አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ቲቸር፣ ታናሽ ወንድሜ አምስተኛ ክፍል ነው። እሱ እንዳያቋርጥ ንገሩልኝ። የደብተሩን እኔ እልካለሁ።"

ጫማዬ ያን ቀን እንደዚያ ሲያበራ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት። አረካ ስመለስ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያልሄድኩበትን ቤት ፈልጌ አንኳኳሁ። ታናሹን አገኘሁት። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱና ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጥን። ዛሬ ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እዚያው ሰፈር ልጆች ሰብስቦ ያስጠናል። ማንም አላዘዘውም። ባለፈው በመስኮት ሲያስረዳ ሰማሁትና ቆምኩ። እኔ የምጠቀምበትን ምሳሌ ነበር የሚጠቀመው! ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ እስካሁን አልበላሁም።

እዚህ ምድር የተወለደ ሁሉ እንሰትን ያውቃል። አባቶቻችን ችግኝ ሲፈልጉ ምን ያደርጋሉ? አንዱን እንሰት ገና ሳይደርስ ይቆርጡታል፤ መሐሉን አውጥተው ሥሩን አፈር ያለብሱታል። ያ እንሰት ለምግብ አይደርስም። ከወራት በኋላ ግን ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ያበቅላል። ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል፣ እንደገና ተነቅሎ ይተከላል፤ ለገበታ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው እንሰት አይተክልም። ማስተማርም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ተክላችሁ ነገ ላይክ አትቆጥሩም።

እና አሁን ምን ላይ ነን? በ2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱ ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 27 ሺህ ያህል መሆናቸው ነው። ይሄ የወላይታ ብቻ ችግር አይደለም። ግን የእኛ ልጅ የወደቀው እኛው ሰፈር ነው፤ የሚያነሳውም ከሌላ ቦታ አይመጣም። የሚያነብ ትውልድ ከሌለን ራሳችንን እናስተዳድር ብንል ማን ሊያስተዳድር ነው? ሕጉን ማን ሊያነበው፣ በጀቱን ማን ሊያሰላው?

ስለዚህ የላጋ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፦ የተመረቃችሁና ሥራ የምትጠብቁ፣ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችሁ አምስት ልጅ ውሰዱ። በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። አዳራሽ አትጠብቁ፤ የቤታችሁ በረንዳ ይሆናል። ትንንሾቹን በወላይትኛ አስረዷቸው፤ አማርኛውንና እንግሊዝኛውንም አትንፈጓቸው። በራሱ ቋንቋ የገባው ልጅ ሌላውን ለመማር አይፈራም።

ሁለተኛ፦ ባዶ ወንበር ስታዩ ቤቱ ድረስ ሂዱ። "ለምን ቀረህ?" የምትል አንዲት ጥያቄ ስንቱን ከአውቶቡስ ተራ እንደምትመልስ አታውቁም። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው ያወቅኩት።

ሦስተኛ፦ መምህራችሁን አክብሩ። ደመወዙ ሲዘገይ እንደ እሱ የግል ጉዳይ አትዩት። ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ የወጡበት መምህር ክፍል ገብቶ ተስፋ ሊያስተምር አይችልም። ለእሱ መጮህ ለታናሾቻችሁ መጮህ ነው።

ሰልፍ መውጣት መብታችሁ ነው። ሰልፍ ግን ማታ ይበተናል፤ ባነሩ ይጠቀለላል፤ ፖስቱም በሌላ ፖስት ይሸፈናል። ማንበብ ያስተማራችሁት ልጅ ግን ነገ ማለዳም ያነባል። እናንተ በሌላችሁበትም ያነባል።

ያ ሊስትሮ ልጅ ብሬን አልተቀበለኝም። ዕዳዬን ግን በወንድሙ በኩል እንድከፍል መንገድ ሰጠኝ። የእናንተም ዕዳ የት ሰፈር እንዳለ ታውቁታላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሄዳችሁ አንኳኩ።