ከምረቃ በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና የባልደረቦቹ መረብ

በአነስተኛ ከተማ የተመደበ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይሠራል። መጽሐፍ የሚመዘግበው፣ የሚያውሰው፣ የተገነጠለውን ሽፋን የሚለጥፈው፣ ኮምፒዩተሩ ሲቆም የሚታገለው እሱው ነው። መምህር በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ጋር ስለ ሙያው ያወጋል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን በሚሠራበት ግቢ ሙያውን የሚጋራው ሰው ላያገኝ ይችላል። ለምሳሌ በአርሲ የምትገኘው ኢተያ ለአሰላም ለአዳማም ሩቅ አይደለችም፤ ዐውደ ጥናቱና ሥልጠናው ግን በአብዛኛው የሚካሄደው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚመረቅ ባለሙያ ቀጣዩን ትምህርት የሚያገኘው በአመዛኙ ከባልደረቦቹ ነው፤ የሚያገናኛቸውም በእጁ የያዘው ስልክ ነው።

ሙያው በኢትዮጵያ ረጅም ጉዞ አድርጓል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። በዚያ ዘመን የሠለጠነ ሰው የካታሎግ ካርድ በሣጥን መደርደር ያውቅ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በኒውዚላንድ አንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ኮሃ የተባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አሠርቶ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አዋለ፤ በ2002 የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር የሆነው ዲስፔስ ተከተለ። ሁለቱም ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ያገለግላሉ። እነዚህን ወደ ሥራ ያስገቡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ በተማሪነታቸው አላገኟቸውም፤ ሥራ ላይ ሆነው እርስ በርስ እየተጠያየቁ ነው የለመዷቸው።

ይህ የመማር መንገድ በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሻርሎት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ የነበረችው ሄሊን ብላወርስ ለሠራተኞቹ 23 ትናንሽ ተግባራት አዘጋጀች። ፎቶ ማጋራት፣ በጋራ መጻፍ፣ የድምፅ ዝግጅት ማዳመጥና የመሳሰሉት ናቸው፤ ሠራተኛው በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ በራሱ ፍጥነት እየሞከረ ያየውን ይጽፋል። መርሐ ግብሩ በየአገሩ ባሉ በርካታ ቤተ መጻሕፍት ተቀዳ። ጥቅሙ ቀላል መሆኑ ነው፤ ፈተና የለውም፣ ውድ ዕቃም አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ድፍረትና በየሳምንቱ የተመደበ ጥቂት ሰዓት ነው።

በኢትዮጵያ ባለሙያዎች በብዛት የሚገናኙት በቴሌግራም ነው። በአንድ ቻናል ቤተ መጻሕፍቱ አዲስ የገባውን መጽሐፍና የሚከፈትበትን ሰዓት ለአንባቢ ያሳውቃል። ግሩፕ ደግሞ የባለሙያዎች መጠያየቂያ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም እዚህ ላይ ይገኛል። የአገሩን ሥራ የሚያስቸግሩት ጥያቄዎች በውጭ መማሪያ መጽሐፍ በቂ መልስ የላቸውምና።

የደራሲ ስም አንዱ ነው። የካታሎግ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ደራሲ ግን የሚታወቀው በራሱ ስም ነው። ሀዲስ ዓለማየሁን በ«ዓለማየሁ» ሥር የመዘገበ ቤተ መጻሕፍት፣ በ«ሀዲስ» የሚፈልገውን አንባቢ ባዶ እጁን ይመልሳል። የፊደል ጉዳይም አለ፦ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ዘመኑም እንዲሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ «ዓ.ም.» ሳይባል ቁጥሩ ብቻ ከገባ ግን የውጭ አገር ተመራማሪ መጽሐፉን ከሰባት ዓመት በላይ ያስረጀዋል። እንዲህ ያለውን ችግር አንድ ሰው ብቻውን ሲፈታው ለአንድ መደርደሪያ ብቻ ይሆናል። መቶ ባለሙያ ተወያይቶ አንድ ሥርዓት ሲይዝ ግን የአንዱ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ከሌላው ጋር ይነጋገራል።

ግሩፕ ድክመትም አለው። ትናንት የተሰጠ ጥሩ መልስ ዛሬ በሰላምታና በበዓል መልእክት ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ከአባላቱ አንዱ በየወሩ የተፈቱትን ጥያቄዎች ለቅሞ በአንድ ሰነድ ቢያስቀምጥ፣ ጠያቂውም የሶፍትዌሩን ዓይነትና የታየውን ስሕተት አሟልቶ ቢጽፍ፣ ወሬ የነበረው የሙያ መዝገብ ይሆናል።

ከባዱ ፈተና የመጽሐፍ ቅጂ ነው። ቴሌግራም እስከ ሁለት ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያሳልፍ፣ በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበት ልብ ወለድ በፒዲኤፍ ተቀድቶ በአንድ ቀን አገር ያዳርሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለቤተ መጻሕፍትም ለጥናትና ለጥበቃ የተወሰነ የማባዛት ፈቃድ ይሰጣል። ባለሙያ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። አንባቢ መጽሐፍ አጥቶ ሲቸገር ማየት ያማል፤ ቢሆንም ባለሙያው ራሱ የተሰረቀ ፋይል ካሰራጨ በአንባቢው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ከነጭራሹ ይጠፋል። በፈቃድ የሚሰራጭ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ ይህን ለገጠር መምህርና ለግብርና ባለሙያ ማሳየት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው።

መረጃን በጥንቃቄ የማጋራት ጉዳይ ለአርሲ ደጋ ይበልጥ ቅርብ ነው። ኢተያ የስንዴ አገር ናት፤ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአሰላ መንገድ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ የግንድ ዋግ የተባለው በሽታ በአርሲና በባሌ በስፋት ይዘራ የነበረውን ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ አጠቃ። ከዚያ በፊት ዲገሉን የሚመክር ጽሑፍ በጊዜው ትክክል ነበር፤ በማግሥቱ ያንኑ ያለ ቀን ፎርዋርድ ማድረግ ግን ገበሬን ይጎዳል። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለየትኛው አካባቢ የሚሉት ጥያቄዎች በካታሎግ ሥራ የሚለመዱ ናቸው፤ ለስልክ መልእክትም መዋል ይኖርባቸዋል። ምክሩም አንባቢው በሚያነብበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ መድረስ አለበት።

የአካባቢውን መዝገብ መጠበቅም የባለሙያው አደራ ነው። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረ በኋላ ስለ አርሲ አፈር፣ ከብት፣ ገበያና አዝመራ በተከታታይ ቁጥር ብዙ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ከእነዚህ በየቢሮው ወይም በየቤቱ የቀረ ቢኖር፣ ባለሙያው ርዕሱንና ቁጥሩን መዝግቦ ፎቶ አንሥቶ ባልደረቦቹን «የጎደለው ቁጥር ማን ዘንድ አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እንደ ቴሌግራም ያለ ማኅበራዊ ቴክኖሎጂ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቃል፤ የተበታተነ ስብስብ የሚሟላው የብዙ ሰው ዓይን ሲፈልገው ነውና።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ አንዴ ከወረደ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። የዳታ ወጪና የመማሪያ ሰዓት ግን የባለሙያው የግል ዕዳ ሆኖ መቅረት የለበትም። የትምህርት ቤትና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሙያ ትምህርት ቢመድቡና በሥራ ዕቅድ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ባለሙያው ከባልደረቦቹ የቀሰመውን በዚያው ሳምንት ለአንባቢው ያደርሳል።