ማየት የተሳናትን ባዝራና ጓደኞቿን ወደ አዲስ ቤት ስለማዛወር

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በዩኒየኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ወገኖች ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ድንች ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሚገባ ስላብራሩ እኔ ወደዚያ አልመለስም። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ የአንዲት ዓይነ ስውር ባዝራና የጓደኞቿ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙን ሲያነብ ፈገግ ያለ ሰው እንዳለ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ፤ ቅር አላለኝም።

ስብሰባችን አዊ ላይ ነውና ስለ ፈረስ ለመናገር ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየውን ትርዒት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ነገሥታቱንም ቢሆን የምናወድሳቸው በፈረሳቸው ስም ነው፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንላለን። ይህ ሁሉ ውዳሴ ግን ለሚጋልበው ፈረስ ነው። ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ዕጣው ሌላ ነው። አመሻሽ ላይ ከመንደር ወጣ ተደርጎ ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ይህን የሚያደርገው ገበሬ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መኖ ውድ ነው፣ የግጦሽ መሬት ጠቧል፣ ሌላ መንገድ ያሳየውም ሰው የለም። እኔ ዛሬ ለመናገር የመጣሁት ሌላ መንገድ መኖሩንና ያም መንገድ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው አንዲት አባላችን ዕድሜ ሲጫናቸው ዳንግላ ዳር ከሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ለመግባት ወሰኑ። በቤታቸው ሦስት የጋማ ከብቶች ነበሩ። አንደኛዋ ዳማ ባዝራ ናት፤ ለብዙ ዓመታት ድንችና ማዳበሪያ ከመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ስታመላልስ የኖረች፣ አሁን ሁለቱም ዓይኖቿ የጠፉ። ሁለተኛው አህያ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ያረጀች በቅሎ ናት። ጎረቤት ተሰብስቦ መከራቸው። አህያው ዋጋ ያወጣልና ይሸጥ፣ በቅሎዋን ለዘመድ ይስጧት ተባለ። ስለ ባዝራዋ ማንም አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ለሁሉም ገባው።

እኒያ እናት በማግስቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ይህቺ ባዝራ ልጆቼን በትምህርት ቤት ያኖረች ናት፤ እኔ መኪና ተሳፍሬ እሷን ለጅብ ትቼ አልሄድም» አሉኝ። «አህያውንስ እማማ ይሸጡታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አህያው እኮ ዓይኗ ነው» አሉ።

ይህ ከልብ የወጣ አነጋገር ብቻ ሳይሆን በሙያችንም ትክክል ነው። የፈረስ ዓይን በየብስ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በጎንና በጎን የተቀመጠ ስለሆነ ጭንቅላቱን ሳያዞር ዙሪያውን በሙሉ ማለት ይቻላል ያያል፤ የማይታየው ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ያለች ጥቂት ስፍራ ብቻ ናት። ፈረስ አውሬ ሲመጣ ሸሽቶ የሚድን ፍጥረት ነውና ኑሮው የቆመው በዚህ ዓይን ላይ ነው። ዓይኑ ሲጠፋ ሦስት ነገር ይቀረዋል፤ ጆሮው፣ አፍንጫውና በከንፈሩ ዙሪያ ያሉት ረዣዥም ፀጉሮች። (እነዚያን ፀጉሮች ለማሳመር ብላችሁ አትቁረጡ፤ ለዕውር ፈረስ እንደ በትር ናቸው።) ከእነዚህ ሌላ የሚቀረው ጓደኛው ነው። ጓደኛው ዝም ብሎ ከጋጠ እሱም ይግጣል፣ ጓደኛው ከደነበረ እሱም ይደነብራል።

የእኛዎቹን ሦስቱን ለጥቂት ቀናት ቆሜ ተመለከትኳቸው። አህያው አንገቱ ላይ ቃጭል አለው፤ ባዝራዋ ቃጭሉን ተከትላ ትሄዳለች፣ ሲቆም አፍንጫዋን ጀርባው ላይ አሳርፋ ትቆማለች። በቅሎዋ ደግሞ የምትከተለው አህያውን ሳይሆን ባዝራዋን ነው። በቅሎ እናቷ ባዝራ ናትና ባዝራ ባለችበት መሆን ትወዳለች፤ የጥንት ነጋዴዎች የጭነት በቅሎዎችን በአንዲት ባለቃጭል ባዝራ ይመሩ የነበረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ የማታየዋ አንዷን ትመራለች፣ እሷን ደግሞ ሌላው ይመራታል። ከሦስቱ አንዱን ብትሸጡ የተሸጠው አንድ እንስሳ ብቻ አይሆንም።

ስለ አህያ ገበያ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት እንደተዘጋ ታስታውሳላችሁ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ሲሉ ማረድ በአህጉሪቱ እንዲቆም ወስነዋል። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ አገራችን ናትና ውሳኔው ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል።

አሁን ወደ ዓይኑ ልመለስ፤ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ የምትሄዱት አንዳች ነገር ቢኖር ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ብዙው የጋሪ ፈረስ ዓይን የሚጠፋው በአለንጋ፣ በእሾህና ዓይኑን እየመታ በሚያቆስል ማሰሪያ ነው። ሌላው ምክንያት የዓይን የውስጥ ብግነት ነው። ይህ በሽታ መጥቶ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። አውሮፓውያን በጥንት ዘመን ከጨረቃ ጋር የሚመላለስ ይመስላቸው ስለነበር በጨረቃ ስም ይጠሩት ነበር። ከመንስኤዎቹ አንዱ በአይጥና በከብት ሽንት በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ተህዋስ ነው፤ ረግረግ ላይ የምታጠጡ አባላት ይህን ልብ በሉ። ፈረሱ ዓይኑን ጨፈን ካደረገ፣ ዕንባ ካፈሰሰ፣ ብርሃን ከሸሸ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይምጣ። ሲሻለው ዳነ ብላችሁ አትቀመጡ፤ በተመለሰ ቁጥር ከዓይኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ጨው አትነስንሱበት፣ የታኘከ ቅጠል አትትፉበት፣ ከሱቅ የተገዛ የሰው የዓይን ቅባትም አትቀቡት። ከቅባቶቹ አንዳንዶቹ የዓይኑ ብሌን ላይ ቁስል ካለ ቁስሉን አብሰው ዓይኑን ሊያፈርጡት ይችላሉ። የእኛይቱ ዳማ ወደ እኔ የመጣችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር። ሕመሙ ቆሟል፣ ብርሃኑም አይመለስም። ሕመም የሌለባት ዕውር ባዝራ ግን መኖር ትችላለች፤ ልዩነቱን እወቁልኝ። በጉዳት የታወረች ባዝራ የምትወልደው ውርንጭላም ዓይናማ ነው።

ወደ ጉዞው ስንመጣ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ በአዲስ ቅዳም በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር መንዳቱ ታስቦ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ የሚበሩትን መኪኖች ሳስብ ተውኩት። የዩኒየናችን አይሱዙ በቆሎ ለመጫን ባዶውን ወደ ዳንግላ የሚወርድበት ቀን ነበረና ሥራ አስኪያጁን ጠይቀን ፈቀዱልን። ለነዳጅ የተጨመረ ወጪ የለም።

ከዚያ በፊት ግን ክትባት ነበር። ከደጋ ወደ ወይና ደጋ የሚወርድ የጋማ ከብት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች በብዛት ያገኙታል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት የሚሞተው ፈረስ ብዙውን ጊዜ በዚህ በሽታ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም የሚመረት የአገራችን ምርት ነው። መከተብ ያለባቸው ግን መኪናው በተነሣበት ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ነው፤ ሰውነት መከላከያውን ለማበጀት ጊዜ ይፈልጋልና።

አጫጫኑን በዝርዝር የምናገረው ነገ ከእናንተ አንዱ ሊገጥመው ስለሚችል ነው። መኪናውን ከአፈር ቁልል ጋር አስጠግተን ወለሉን ከመሬቱ ጋር አስተካከልን፤ የማታይ ባዝራ እግሯን አንሥታ ወደ ባዶ አየር እንድትረግጥ መጠየቅ ግፍ ነው። ወለሉ ላይ ጭድ ጎዘጎዝን። መጀመሪያ አህያው ገባ። ቃጭሉ ከውስጥ ሲሰማ ባዝራዋ ጆሮዋን አቁማ ቆመች፣ ወለሉን አሸተተች፣ በኮቴዋ መታ መታ አደረገችው። ማንም ከኋላ አልገፋትም፣ ማንም አልጮኸም። ጎረምሶቹን ዝም ማሰኘት ከሥራው ሁሉ የከበደ ነበር ማለት እችላለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ራሷ ገባች፣ በቅሎዋም ተከትላት ዘለለች። ሾፌራችን ኩርባ ላይ ሁሉ ቀስ እያለ ነዳ። የሚያይ ፈረስ ኩርባው ሲመጣ ያያልና እግሩን ያዘጋጃል፤ እሷ ግን የምታውቀው ከተንገዳገደች በኋላ ነው።

አዲሱ ቤት የደረስነው ገና ጠዋት ነው፤ ሆን ብለን ነው። ልጅየው አስቀድሞ ትንሽ አጥር ሠርቷል። እሾህ ሽቦ የለበትም፤ በግራ በቀኝ አጣና ተመቷል፣ ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ በባዝራዋ ጭንቅላት ቁመት የነበረው የዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጧል። ከሁሉ አስቀድሞ ውኃው ጋ ወሰድናትና ውኃውን በእጃችን አንቦጫረቅነው። ገንዳው ዛሬም እዚያው ነው፤ አይነሣም። ከገንዳው ፊትና ከበሩ አጠገብ ጠጠር አፍስሰናል፤ እግሯ ጠጠር ሲነካ ውኃ ወይም በር እንደቀረበ ታውቃለች። ከዚያ ገመዷን ይዘን አጥሩን ዙሪያውን ሦስት ጊዜ በቀኝ፣ ሦስት ጊዜ በግራ አዞርናት። የጎረቤት ከብት ለሁለት ሳምንት እንዳይገባ ተነገረ።

የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። እየዞረች አደረች፣ ሁለት ጊዜ ደረቷ አጥሩን መታ። በሁለተኛው ቀን ገንዳውን ማንም ሳይመራት አገኘችው። እኔ የጠበቅሁት ምልክት ግን ሌላ ነበር። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ጥልቅ እንቅልፍ የሚተኛው ግን ጋደም ሲል ነው፣ ጋደም የሚለውም ስፍራውን ሲያምን ነው። በአምስተኛው ሌሊት ልጅየው ደወለልኝ። ዳማዋ ጭዱ ላይ ተጋድማለች፣ በቅሎዋ አጠገቧ ናት፣ አህያው ቆሞ ይጠብቃል አለኝ። እናቱ ከኋላ ሆነው «ንገረው፣ ንገረው» ሲሉ ይሰማኝ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ ለሥራ አመራር ቦርዱ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። መኪኖቻችን ባዶ የሚጓዙበት ቀንና መንገድ አስቀድሞ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ ይነገር፤ ቦታ የሚቀይር፣ የሚያረጅ ወይም የሚታመም አባል ከብቱን ሳይበትን ይዞ እንዲሄድ ያስችለዋል። ግጦሽና ድርቆሽ የተረፈው አባል ደግሞ የሌላውን ያረጀ የጋማ ከብት ከነጓደኛው ለመቀበል ፈቃደኛ ከሆነ በየማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገብ። የኅብረት ሥራ አዋጁ ስለ ዕውር ባዝራ የሚለው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ የሚከለክለውም አንቀጽ አላየሁበትም። የወረዳ ኃላፊዎቻችን ደግሞ የክትባት ዘመቻ ስትነድፉ የጋማ ከብትን ከላምና ከበግ እኩል አስቡልን። ማዳበሪያው ከመጋዘን ማሳ የሚደርሰው በእነሱ ጀርባ ነው።

አንድ ነገር ግን ገና አላለቀም። አህያው ሸምግሏል። እሱ ሲሞት ዳማዋ በአንድ ቀን ሁለተኛ ትታወራለች። ስለዚህ ልጅየው ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ አንድ ወጣት አህያ ከአጥሩ ማዶ እያሰረ ያለማምዳቸዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ አሁን ድርቆሽ በአጥሩ ቀዳዳ አብረው ይበላሉ። ለወጣቱም ቃጭል ተገዝቶለታል፣ ድምፁ ግን ከፊተኛው ይለያል፤ ባዝራዋ ሁለቱን ለይታ እንድታውቅ ነው። መቼ እንደምንቀላቅላቸው ገና አልወሰንንም።

በበዓሉ ሰሞን በዳንግላ የምታልፉ ሁሉ ገብታችሁ ብታዩአቸው ባለቤቶቹ ደስ ይላቸዋል። ስትገቡ ከሩቁ ድምፅ እያሰማችሁ ቅረቡ፣ ከመንካታችሁ በፊት አናግሯት፣ ገንዳውንም ከቦታው እንዳታንቀሳቅሱት።