ለሚያስታምም ባል ማን ይድረስለት?

እህቶቼ፣ ሴት ስታስታምም ጎረቤቱ ሁሉ ይገባል ይወጣል። ወንድ ሲያስታምም ግን «ጎበዝ ነው» ብለን እናልፋለን። በስትሮክ የተኛች ሚስት በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠች ገላዋ ይቆስላል፤ ሌሊትም ቢሆን። ታዲያ ሰውየው መቼ ይተኛ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለብርቱ ችግር የሚፈቅደው ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። ተደምሮ 10 ቀን! (ሂሳብ እንጀራዬ ነውና ይቅር በሉኝ።) እድራችን ለቀብር ድንኳን አለው፤ ለአስታማሚ ግን ምንም።

ገንዘብ አልጠይቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሁለት ሆነን ለ3 ሰዓት ያህል አጠገቧ እንቀመጥ፤ እሱ ይተኛ፣ ጸጉሩን ይቆረጥ። «እችላለሁ፣ አትቸገሩ» ይላል፤ አትመኑት። ተራውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቡናው ሳይፈላ ስማችሁን ስጡኝ።