ከጊቢው በር እስከ ሐርቡ

(በኮምቦልቻ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግር አድርጊ ስባል ስለ ሥራዬ እንድናገር የተፈለገ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ አንድ ቅዳሜ ባወራችሁ ይሻለኛል።

ብዙዎቻችን ኮምቦልቻን የምናውቃት ከዶርም እስከ ካፌ፣ ከካፌ እስከ ላይብረሪ ነበር። ሲደላን ደሴ ወጥተን አይጠየፍ አዳራሽን እናያለን፣ ፒያሳ ማኪያቶ እንጠጣለን፣ በቃ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አላለፍኩም። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በጥቅምት፣ የዶርም ጓደኛዬ «ነገ እኛ ቤት እንሂድ፤ ጥንቅሽ ደርሷል» አለችኝ። ቤታቸው ሐርቡ ነው።

ሐርቡ በቃሉ ወረዳ፣ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መንገዱ ቁልቁል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐርቡ ግን 1,500 ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ለብሼው የወጣሁትን ሹራብ ገና ሳንደርስ አወለቅሁት።

እናቷ የማሽላ እንጀራ አቀረቡልን፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ከዚያ አባቷ ቦርከና ዳር ወዳለው ማሳቸው ወሰዱን። ማሽላው ከቁመታችን ይበልጣል፤ በአጠገቡ ማሾ ተዘርቷል። ጥንቅሽ መርጠው ሰበሩልን። ልጣጩ ከንፈሬን ቆረጠኝና ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ጨርቃ ጨርቅ ነው አባባ።»

«ማቅለምም ትማራላችሁ?»

«አዎ!» አልኩ በኩራት።

«ቀለሙ ከታጠበ በኋላ ውሃው የት ይሄዳል?»

ዝም አልኩ። ጨውና ሶዳው ስንት እንደሚገባ አውቃለሁ። ቀለሙ በሙሉ ጨርቁ ላይ እንደማይቀር፣ የተረፈው በእጥበት እንደሚወጣም ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። «ይወጣል» ሲባል ወዴት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ተነስቶ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ነው ወደ ሐርቡ የሚመጣው። ከዚያም በጨፋ ረግረግ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የሁለት ከተሞችን እጣቢ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በክረምት ውሃው ብዙ ስለሆነ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል። በበጋ፣ ገበሬው ለመስኖና ለከብቱ በሚፈልገው ጊዜ፣ ውሃው ያንሳል፤ ቆሻሻው ግን አያንስም።

የመመረቂያ ሥራዬን በእጥበት ውሃ ላይ አደረግሁ። ስጨርስ ውጤቱን ይዤ ሐርቡ ሄድኩ፤ ሰንጠረዡንም አስረዳኋቸው። አባባ በትዕግሥት ሰምተው «ቁጥሩ ጥሩ ነው ልጄ። ውሃውስ?» አሉኝ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ወንዝ ዳር፣ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ጊዜ የፍሳሽ ማጣሪያው ተበላሽቶ ሳለ ሥራ እንዳይቆም ብዬ ዝም ብያለሁ። ሦስት ቀን ነበር። ከበታች ማን እንዳለ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልጽናና፣ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያው ሲቆም ማቅለሚያውም እንዲቆም ተከራክሬ አስወስኛለሁ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ አሁንም በየጊዜው ይነሳል።

ትናንት ከአዲስ አበባ ስመጣ ሐርቡ ላይ ወረድኩ። አባባ አርጅተዋል፤ ግን አወቁኝ። ዘንድሮስ ውሃው እንዴት ነው ብዬ ቀድሜ ጠየቅኋቸው። በከዘራቸው ወደ ወንዙ እያመለከቱ «ሂጂና እዪው» አሉኝ።

መምህራኖቻችን፣ ይህንኑ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ተማሪዎቻችሁን ለፋብሪካ ጉብኝት ስትወስዱ፣ በዚያው ቀን አውቶቡሱን ግማሽ ሰዓት ወደ ታች አስኬዱት። ከጉብኝቱ በኋላ ሪፖርት ሲጽፉ የገበሬውን ጥያቄም ይጻፉ። የዘንድሮውን የአውቶቡስ ኪራይ እኔ እችላለሁ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ከመካከላችን አንዱ ይቻል።

ተማሪዎችም ባቲ የሰኞ ገበያ ይሂዱ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይሂዱ፣ ደስ ይበላቸው። ሐርቡን ግን በመስኮት አይተው አይለፏት። በጥቅምት ከሄዱ ጥንቅሽ አለ፤ ሲልጡ ከንፈራቸውን ይጠብቁ።