ሁለቱ ዝላዮች አንድ አይደሉም



ባለፈው ዓመት ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል እንደምፈልግ ለእማዬ ነገርኳት። «ያ ከፎቅ ላይ የሚወረወረው፣ ፖሊስ የሚፈልገው እብድ አይደል እንዴ?» አለችኝ። በቴሌቪዥን ያየችው ቤዝ ጃምፕ የሚባለውን ነበር።

እስቲ ልዩነቱን ላስረዳ። ስካይዳይቪንግ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ከአውሮፕላን መዝለል ነው። ለጀማሪ አስተማሪ አለው፣ መጠባበቂያ ፓራሹትም አለ። ቤዝ ጃምፕ ግን ከሕንፃ፣ ከአንቴና፣ ከድልድይ ወይም ከገደል ነው፤ ፓራሹቱ አንድ፣ ጊዜው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ። ሁሉም ሕገወጥ አይደለም፤ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ከፔሪን ድልድይ መዝለል ይፈቀዳል።

ችግሩ የሚመጣው በድብቅ ሲሆን ነው። በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ሰዎች በሌሊት ገና እየተሠራ ከነበረው የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ ላይ ዘለሉ፤ በኋላም ተከሰሱ። በ1980 ደግሞ በዮሴሚቲ ፓርክ ከኤል ካፒታን ገደል ለመዝለል ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። አንዳንዶች ደንቡን ስለጣሱ በዚያው ዓመት ለሁሉም ተከለከለ። ደንብ ያከበረውም አብሮ ተቀጣ።

ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰማ የሚይዘው «ፓራሹት» የምትለዋን ቃል ነው። ከዚያ በሥርዓት ተምሮ የሚዘለውም እብድ ይባላል። እኛ ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ አንድ ልጅ ሲያጠፋ የሁላችንም ስም ይነሳል። ስለዚህ እኛም በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ።

እማዬ እስካሁን አልፈቀደችም። ግን እብድ ማለቱን ትታ «መጠባበቂያውን የሚያጥፈው ማነው?» ትለኛለች። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፣ እማዬ።