ሳይቀዱ መተርጎም፦ የዊንዶውስ ጌሞች በሊኑክስ ላይ እንዴት ይሠራሉ?



ስለ ሊኑክስ ማስተማር በጀመርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ዶክተር፣ ጌም ያጫውታል?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አብሬ ስቄ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን በቁም ነገር ልመልሰው እወዳለሁ። ጥያቄው ከጨዋታ የሚበልጥ ጉዳይ ይዟልና፦ የምንጠቀምበትን ሥርዓተ ክወና የሚመርጥልን ማን ነው? እኛ ወይስ የፕሮግራሙ ባለቤት?

ለዊንዶውስ የተጻፈ ጌም ስሌቱን የሚያሠራው በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ነው፤ በዚህ ረገድ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ልዩነት የለውም። ፋይል ለመክፈት፣ መስኮት ለመዘርጋት፣ ድምፅ ለማሰማት ሲፈልግ ግን ዊንዶውስን ይጠራል። በሊኑክስ ቤት ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን ይህን ጥሪ ተቀብሎ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ጥሪ ይተረጉማል። ስሙ «ዋይን ኢሙሌተር አይደለም» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ነው፤ ሌላ ማሽን አስመስሎ አይሠራም፣ ያስተረጉማል እንጂ። ጌሙ «ሲ» የሚለው ዲስክ እንኳ በተጠቃሚው ፎልደሮች መካከል ያለ አንድ ተራ ፎልደር ነው።

አስተርጓሚው ግን የባለቤቱን መጽሐፍ ገልጦ አያነብም። የዋይን ጸሐፊዎች የዊንዶውስን ምንጭ ኮድ ከማየት ይታቀባሉ። በምትኩ ትንንሽ መፈተኛ ፕሮግራሞችን ጽፈው በዊንዶውስ ላይ ያስኬዳሉ፤ የሚሰጠውንም መልስ ይመዘግባሉ። መመሪያው አንድ ነገር ብሎ ዊንዶውስ ሌላ ቢያደርግ፣ የሚከተሉት ድርጊቱን ነው፤ ጌሞቹ የተሠሩት ስሕተቱንም ተማምነው ነውና። 1.0 የተባለው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነበር። የመመረቂያ ጥናታችሁ የዘገየባችሁ ተማሪዎች በዚህ ተጽናኑ።

ለጌም ከባዱ እንቅፋት ግራፊክስ ነበር። ዲኤክስቪኬ የተባለው መሣሪያ የዳይሬክት ስሪዲን ትእዛዝ ወደ ቩልካን መተርጎም ሲጀምር መንገዱ ተከፈተ። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንና ዋይንን አጣምሮ ፕሮቶንን አቀረበ፤ በ2022 ደግሞ በሊኑክስ የሚሠራውን በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ፣ ስቲም ዴክን፣ ለገበያ አዋለ።

ይሁን እንጂ ትርጉም የማይደርስበት ቦታ አለ። አንዳንድ ጌሞች ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ይተክላሉ፤ ዋይን ደግሞ የሚሠራው ከከርነል ውጭ ነው። ከእነዚህ ተከላካዮች መካከል ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በፕሮቶን መሥራት ይችላሉ፤ ነገር ግን የጌሙ አዘጋጅ መፍቀድ አለበት። አንዳንዱ ፈቅዷል፣ አንዳንዱ እንቢ ብሏል። ስለዚህ በሩን የዘጋው ሁልጊዜ የዕውቀት እጥረት አይደለም፤ ፈቃድ መንፈግም ነው።

ለዚያ ተማሪ መልሴ «አዎ፣ ብዙዎቹን ያጫውታል» የሚል ነው። ለእናንተ ግን አንድ አደራ እጨምራለሁ። ነገ ፕሮግራም ስትጽፉ ከሌላው ጋር የሚገናኝበትን በር በግልጽ መዝግቡት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው የእናንተን ዝምታ ለመተርጎም 15 ዓመት ሊፈጅበት አይገባም።