ደንቡን ማን ይጠብቀው?
(የኮምፒዩተር ክለብ አባሎች በምሥረታው በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ሠራነው ስሕተት ለመናገር ነው። ለቤተ መጻሕፍታችን የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም መጻፋችንን ታውቃላችሁ። አንድ ተማሪ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አይዋስም የሚለው ደንብ ለፈተና ሰሞን ወደ ሦስት ከፍ ሲል እኛም ቁጥሩን አረምን። ይሁን እንጂ በፈተናው ዋዜማ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስቀድሞ ያስያዘውን ሦስተኛ መጽሐፍ ሊወስድ መጥቶ ኮምፒዩተሩ ከለከለው፤ ባዶ እጁንም ተመለሰ።

ምክንያቱን ብንመረምር ደንቡ በሦስት ቦታ ተጽፎ ተገኘ፤ በማዋስ፥ በማደስና በማስያዝ። ያረምነው ሁለቱን ብቻ ነበር። ሦስቱም የተጻፉት «ሥራ አስኪያጅ» ብለን በሰየምነው አንድ ትልቅ የሰርቪስ ክላስ ውስጥ ነው። ሁሉን የሚሠራው እርሱ ነበር፤ «ተማሪ» እና «መጽሐፍ» የተባሉት ክላሶች ግን ስምና ቁጥር ከመያዝ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ማርቲን ፋውለር በ2003 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንዲህ ያለውን አሠራር ደም እንዳነሰው ሰው ቈጥሮ ነቅፎታል። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያወጣው ኤሪክ ኤቫንስም ሰርቪስ የሚያስፈልገው ሥራው የአንዱም ነገር የተፈጥሮ ድርሻ ሳይሆን ሲቀር ነው ይላል። ሰርቪሱ ለራሱ የሚያስታውሰው ነገር አይኖረውም፤ ስሙም ከሥራው ባለቤቶች ቋንቋ ይወሰዳል።

ስለዚህ እንደ ገና ጀመርን። ስንት መጽሐፍ እንደ ያዘና ሌላ መጨመር ይችል እንደ ሆነ የሚመልሰው «ተማሪ» ሆነ። በመደርደሪያ ላይ መኖሩን የሚናገረው «መጽሐፍ» ነው። ሁለቱን ጠይቆ የሚያገናኛቸው ትንሽ ሰርቪስ ቀረ፤ ስሙንም የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ዘወትር እንደሚሉት «ማዋስ» አልነው።

የመዘግየት ቅጣት ግን አስቸገረን። የዘገየበትን ቀን ለመቍጠር በዓላትን መቀነስ ያስፈልጋል፤ በዓል ደግሞ የተማሪውም የመጽሐፉም ጠባይ አይደለም። ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረን ሁለተኛ ሰርቪስ አደረግነው። «ውሰት» የሚባል ክላስ ይፈጠርና ቀኑን እርሱ ይቍጠር የሚሉት አባሎቻችን ግን ዛሬም አልተረቱም፤ ምናልባትም እውነት አላቸው።

ፈተናው አልቆ ደንቡ ወደ ሁለት ሲመለስ የለወጥነው አንድ መሥመር ብቻ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለሚገኘው ለዚያ ተማሪ በሁላችሁ ፊት ይቅርታችንን እናቀርባለን።